ጥያቄና መልስ፦ ጥር፣ ድግስና ሩጫ

ጋሼ (በደሴ የጠዋት ሯጮች አሠልጣኝ)፦ እንግዲህ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፦ አረቄ የጠጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ አይወርድም። ይህን ማንም እንዳይጠይቀኝ።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ የገናው ሳያልቅ ጥምቀት ደረሰ፤ ከዚያ ሁለት ሠርግ አለብኝ። ሩጫውን እስከ የካቲት ባቆመውስ?

ጋሼ፦ አታቁም። ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 21 አስተርዮ፤ በመሀሉ ሠርጉ ከነመልሱ ከነቅልቅሉ። ሰው የሚበላሸው በበዓሉ ቀን አይደለም፤ «ይለፍና እጀምራለሁ» እያለ ወሩን ሙሉ ሲቀመጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብትሮጥ፣ ርቀቱን አሳጥረህ ፍጥነቱን ካልቀነስክ፣ ያለህን አቅም ለሳምንታት ይዘህ ትቆያለህ። ከባዱን ልምምድ ከድግሱ በፊት አድርገው። ጥር 9 ወደ ጦሳ ተራራ ዳገቱን ውጣ። በ10 ከተራ ነው፣ ታቦት ስታጅብ በእግርህ ትሄዳለህ። 11 እና 12 ተጫወት። 13 የእግር ጉዞ፣ 14 ወደ ሩጫህ። «በላብ አስወጣዋለሁ» የሚባለውን ግን ተወው። አልኮልን የሚያጣራው ጉበት ነው፣ እሱም አይቸኩልም፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፣ ሮጥክም ተኛህም።

የኮምቦልቻዋ፦ ጠላ ያወፍራል?

ጋሼ፦ ስንት? ከምን ጋር? እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

የኮምቦልቻዋ፦ አክስቴ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሲቀዱልኝ ቁጥሩ ይጠፋኛል እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦ እንዲህ በይኛ። ጣሳው ግማሽ ሳይደርስ ስለሚሞላ ቁጥር አይያዝም። አንዴ ካስቀዳሽ አታጉድዪው፤ ከንፈርሽን እያስነካሽ ጨዋታሽን ተጫወቺ። በሙሉ ጣሳ ላይ ማንም አይቀዳም፣ አክስትሽም አይቀየሙም። ብርዝ ወይም ቀሪቦ ካለ እሱን ጠይቂ። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ስብ 9፣ ስኳር 4።

የወረኢሉ ሰው፦ ጠላ እኮ ምግብ ነው፣ ገብስ ነው። አያቶቻችን እሱን ጠጥተው ሲያርሱ ይውሉ ነበር።

የሐይቅ ልጅ፦ አያቶችህ ያርሱ ነበር፤ አንተ ባጃጅ ላይ ተቀምጠህ ነው የምትውለው።

የወረኢሉ ሰው፦ ባጃጅ መንዳት ሥራ አይደለም?

የሐይቅ ልጅ፦ ለባጃጁ ነዋ!

እሙ ሰዒድ፦ እናንተ በጠላ ተጣሉ፤ እኛስ? ለገና ጎረቤት ጠርቶን፣ ለብቻ አሳርዶልን እንበላለን፤ ለኢድ ደግሞ እኛ እንጠራለን። አልኮል አንነካም፣ በለስላሳው ግን አልቀናል።

ጋሼ፦ ጥሩ አነሳሽ፣ እህቴ። አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። አንዱን ጠጪና ቡናው ላይ ስኳሩን ተዪው።

የሰኞ ገበያው፦ ጫት ቅሜ ብሮጥስ?

ጋሼ፦ አይሆንም። የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቀጣይ።

የጦሳ ሯጭ፦ ሁለት ቢራ በጠጣሁ ሌሊት ሰዓቴ የልብ ምቴን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

ጋሼ፦ ሰዓትህ ደህና ነው፣ ጥያቄህም ደስ ይላል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ልብም ማረፍ ሲገባው ይሠራል። ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውንም ሆርሞን ያፍነዋል፤ ለዚህ ነው ሌሊት የምትመላለሰው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ በደረቁ አየር በትንፋሽህም ውሃ ይወጣል። ጡንቻም ከልምምድ በኋላ የሚጠገነው በደንብ ስትተኛና ስትበላ ነው፤ ብዙ የጠጣ ሰው ጥገናው ይጓተትበታል። ከከባድ ሩጫ መልስ መጀመሪያ ውሃና ምግብ። ቢራው ማታ ይድረስ። ባዶ ሆድ ደግሞ አትጠጡ፣ አትጠጡ።

የኩታበሩ፦ ጋሼ፣ አረቄ ሁለት መለኪያ ብቻ ቢሆንና ጠዋት ቀስ ብዬ ሐረጎን ብወርድስ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ያልኩትን አንብበሃል?

የኩታበሩ፦ ቁልቁለት እኮ አያደክምም ብዬ ነው።

ጋሼ፦ ማን ነው ይህን የነገረህ? ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ስለዚህ በማግስቱ ከዳገት ይልቅ ያምማል፣ ደረጃ መውረድ ያቅትሃል። በዚያ ላይ ጭነት መኪናው ኩርባውን ሞልቶ ይመጣል፤ አንተ ሚዛንህ ገና አልተመለሰም። የቤት አረቄ ደግሞ ጥንካሬው አይታወቅም፣ መለኪያህም መለኪያ አይደለም። ሌላ ሰው ቢደግመው አልመልስም።

አዲስ ገቢ፦ የትኛውን የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?

ጋሼ፦ እንቁላል ግዛ። ሽሮ ብላ።

የወረኢሉ ሰው፦ ሠርግ ላይ እስክስታ እንደ ልምምድ ይቆጠራል?

የሐይቅ ልጅ፦ አንተ ከተነሳህ ነዋ።

ጋሼ፦ ይቆጠራል። ተነሳ።

የወልድያው፦ ጋሼ፣ የስኳር ሕመም አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጥምቀት ላይ አንድ ሁለት ብልስ?

ጋሼ፦ ይህ የሐኪምህ ጥያቄ ነው፤ ከበዓሉ በፊት ሄደህ ጠይቅ። እስከዚያው፦ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው አልኮል ስኳሩን ከመጠን በታች ሊጥለው ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን። ማዞሩና ላቡ ስካር ስለሚመስል ሰው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ይተውሃል። ሕመምህን አጠገብህ የሚቀመጠው ጓደኛህ ይወቅ፤ ኪስህ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።