የጣርማበርን መንገድ ማን ሰራው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ባለፈው ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ ጣርማበር ተራራ ላይ ያለው የሙሶሎኒ ዋሻ ጋ ስንደርስ ሚኒባስ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ሹፌሩ መንገዱን እንዳለ ጣሊያን ነው የሰራው አለ፣ አያቴ ደግሞ ተቆጥተው "ከጣሊያን በፊትም መኪና ይሄድበት ነበር" አሉ። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አያትሽ ልክ ናቸው፣ ሹፌሩም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም።

የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ከወረራው በፊት ነበረ፣ አስፋልት ምናምን እንዳታስቢ፣ ጥርጊያ ነገር ነው። ምስክሩ ደግሞ ራሱ ጣሊያን ነው፣ የጦር አዛዣቸው ማርሻል ባዶሊዮ በ1928 ሚያዝያ ላይ ከደሴ ተነስቶ ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። መሃል ላይ ያስቆመው ጣርማበር ነው፤ የኛ ሰዎች ዳገቱ ላይ መንገዱን ንደውት ስለነበር ያ ሁሉ መኪና ተገትሮ ወታደሩ ድንጋይ እየተሸከመ ሲጠግን ሁለት ቀን ገደማ ፈጀበት።

ዋሻው ግን አዎ የጣሊያን ነው። አገሩን ከያዙ በኋላ መንገዱን እንደ አዲስ ሲሰሩት ተራራውን በስተው አለፉ፣ 587 ሜትር፣ ያውም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ሲቆፍር የዋለው ጣሊያኑም ሐበሻውም ነው፣ ስሙ ግን ለሙሶሎኒ ቀረ፣ እኔን ይሄ ሁሌ ይከነክነኛል።

ከነፃነት በኋላ ደግሞ ጃንሆይ በ1943 ለመንገድ ስራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድረው በዛው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋሙ፣ ትልልቆቹ እስካሁን "አውራ ጎዳና" የሚሉት መስሪያ ቤት ማለት ነው።

ለመንገደኛ ግን ታሪኩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። በሰንዳፋ፣ በሸኖ (ቅቤ ያልገዛ የለም መቼስ) አድርገሽ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትሩን ደጋ ለደጋ ትሄጃለሽ፣ ከዛ ጣርማበር ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፣ ከዋሻው ስትወጪ መሬቱ ከስርሽ የጠፋ ነው የሚመስለው። ደብረ ሲና ላይ ልጆቹ ቆሎውን በመስኮት ያስገቡልሻል፣ ሹፌሩ በከባድ ማርሽ እየያዘ ሲወርድ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 1,300 ሜትር አካባቢ ነሽ፣ ጋቢ ለብሶ የነበረው ሁሉ ማንጎ እየላጠ "መስኮት ክፈቱ" ይላል። ከዛ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዛ እንደገና ዳገት፣ ደሴ። በጠቅላላው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ካራቆሬን ካነሳን አይቀር፣ በ1953 ግንቦት ላይ እዛ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፣ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፈራርሶ አውራ ጎዳናውንም ሰነጣጥቆታል። አያትሽ የዛ አካባቢ ሰው ከሆኑ ሳያስታውሱት አይቀሩም፣ እስቲ ጠይቂልንና ያሉሽን ጽፈሽ ላኪልን፣ እናወጣዋለን።