የወንድሜ አመድ ለምን ከበደኝ?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ታላቅ ወንድሜ በሰው አገር አረፈ። አስከሬኑ እንዲቃጠል ተናዞ ነበር፤ እንዳለውም ተደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሣጥን ደረሰኝ። ውስጡ በወፍራም ላስቲክ የታሰረ ነገር አለ። እኔ የጠበቅኩት እፍ ቢሉት የሚበን አመድ ነበር። ይሄ ግን ነጣ ያለ አሸዋ ነው የሚመስለው። በጣቴ ስነካው ይቆረቁራል። ደግሞ ይከብዳል፤ ብመዝነው ሦስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ወንድሜ መጨረሻ ላይ በሕመም ከስቶ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ? የሆነ ነገር ቀላቅለውበት ይሆን? በወጣትነቱ ጭኑ ተሰብሮ ብረት ገብቶለት ነበር። ብረቱን ፈልጌ ሳጣው ጥርጣሬዬ ባሰ። እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ዲኤንኤ ላስመርምር? እባክዎ እውነቱን ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

ታናሽ እህቱ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን አምድ ከመጀመሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት አስከሬን በሚቃጠልበት ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የያዝኩትን ነው። አልደብቅሽም። ማንበቡ ከከበደሽ አስቀምጪውና ሌላ ቀን ተመለሺበት።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል፤ ግራ ያጋባሽ እሱ ነው። «አመድ» የምንለው በልማድ ነው እንጂ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አመድ አይደለም። አጥንት ነው። የተፈጨ አጥንት። የእሳት ልጅ አመድ ይባላል፤ ይሄ ግን እሳት የወለደው ነገር አይደለም። ከእሳቱ በፊትም ወንድምሽ ውስጥ ነበር። እሳቱ ሌላውን ሁሉ ወስዶ እሱን ተወው።

ምድጃው ውስጥ ሙቀቱ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሆናል። ለአንድ አዋቂ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከሰው ገላ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። እሱ ተንኖ ይሄዳል። ሥጋው፣ ስቡ፣ ጅማቱ፣ ፀጉሩ ነዶ ጋዝ ይሆናል። አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አጥንትም ቢሆን ከፊሉ ይነዳል። አጥንት የሁለት ነገር ቅልቅል ነው። አንዱ ኮላጅን የሚባል፣ እንደ ገመድ የሚያያይዘው ፕሮቲን ነው። ሌላው ጠንካራ የሚያደርገው የካልሲየምና የፎስፈረስ ማዕድን ነው። ኮላጅኑ ይቃጠላል። ማዕድኑ አይቃጠልም፤ ወደ ጋዝም አይለወጥም። ሣጥንሽ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

እሳቱ ጠፍቶ በሩ ሲከፈት የማገኘው ዱቄት አልነበረም። የሰው አጥንት ነበር፣ ብዙው እንደተኛበት። የጭን አጥንት ራስ፣ ዳሌ ውስጥ የሚገባው ኳስ የመሰለው፣ ብዙ ጊዜ ክብነቱን ሳይለቅ ይገኛል። የጀርባ አጥንት አንጓዎች አንድ በአንድ ይታወቃሉ። የራስ ቅሉ እንደተሰበረ ሸክላ ጎበጥ ጎበጥ ባሉ ስባሪዎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ረጃጅሞቹ አጥንቶች በሙቀቱ ይሰነጠቃሉ፣ ትንሽም ይጣመማሉ። ቀለሙ የጠመኔ ነጭ ነው፤ እዚህም እዚያም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ አለበት። በረጅሙ መቆስቆሻ ወደ ትሪው ስስበው ስኒ ከስኒ ሲነካካ የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ አለው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከበረደ በኋላ ቁራጩን በሁለት ጣት ጫን ካልሽው ይፈርሳል። ያያያዘው ኮላጅን የለማ።

ከዚያ መፍጫ ማሽን ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። አሸዋ የመሰለሽ ለዚህ ነው። የቆረቆረሽም ማሽኑ በደንብ ያላደቀቀው ቅንጣት ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ሳይፈጭ የሚስታቸውን አጥንት ለማየት ጠይቀው አስገባናቸው። ብዙ ሰው ይደነግጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ትሪው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩና «እንዲህ ሆና ማየቴ ይሻለኛል» አሉኝ። አንቺም ዱቄቱን ብቻ ስላየሽ ነው የተጠራጠርሽው። ትሪውን ብታዪ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ክብደቱን እንይ። ከአንድ አዋቂ ሰው በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይገኛል። የወንድ ከሴት ይበዛል፣ የረጅም ካጭር። የሚወስነው የሰውየው ውፍረት ሳይሆን የአጥንቱ ትልቀት ነው። ወፈር ያሉ እናት ሆነው፣ አጥንታቸው በዕድሜ ሳስቶ ከሁለት ኪሎ ያነሰ ብቻ የተገኘላቸው አይቻለሁ። ሕመም ከወንድምሽ የወሰደው ስቡንና ጡንቻውን ነው። ያ ደግሞ ባይወስደውም እሳቱ ይወስደው ነበር። ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር ብለሻል። ቆዳው ሄደ። አጥንቱ አንቺ ጋ ደረሰ። ሦስት ኪሎ ሊሞላ የቀረበው ለዚህ ነው። ከነገርሽኝ ውስጥ ቅልቅልን የሚያሳይ አንድም ነገር አላየሁም።

ብረቱ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው የሚወጣው። አጥንቱ ከመፈጨቱ በፊት እንለቅማለን። የሣጥን ምስማርና መሰል ብረት በማግኔት ይወጣል። አጥንት ውስጥ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ወይም ማግኔት የማይስበው ብረት ስለሆነ በእጅ ነው የሚለቀመው። ታይታኒየም የሚቀልጠው 1,668 ዲግሪ ላይ ነው፤ ምድጃው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ብረቱ ቀዳዳውና ብሎኑ ሳይቀር ቅርጹን ይዞ ይወጣል። በብዙ ቦታ ተሰብስቦ ይቀለጥና ለሌላ ሥራ ይውላል። ቤተሰብ አስቀድሞ ከጠየቀ የሚያስረክቡም አሉ። ከእሳቱ በፊት የሚወጣው የልብ ምት ማስተካከያና ባትሪ ያለው መሰል መሣሪያ ነው፤ ባትሪው በሙቀት ይፈነዳል።

እሱ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? እኛ ዘንድ ከእያንዳንዱ አስከሬን ጋር ቁጥር የተቀረጸባት፣ እሳት የማይጎዳት ትንሽ ክብ ብረት አብራ ትገባ ነበር። አስከሬኑ ሲመጣ ትያያዛለች፣ ምድጃ ትገባለች፣ ከአጥንቱ ጋር ትወጣለች፣ መፍጫው ጋ ትጠብቃለች፣ መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ውስጥ ትገባለች። ይህ በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው። ላስቲኩን ቀስ ብለሽ ዳብሺው። የሳንቲም ያህል ነገር ካገኘሽ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። ካላገኘሽ ወደ ቤቱ ደውለሽ የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቂ። የመጠየቅ መብት አለሽ፤ እንዳታፍሪ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አልደብቅሽም ብያለሁና። ምድጃው በጡብ የተሠራ ነው። የቱንም ያህል ጠንቅቀን ብንጠርግ ስንጥቁ ውስጥ ጥቂት ብናኝ ይቀራል፣ ከቀደመውም ሰው ጥቂት ይደባለቃል። በጣም ትንሽ ነው። ግን አለ።

ዲኤንኤውን ተዪው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ያ ሙቀት ዲኤንኤን ያጠፋዋል። እንዲህ በደንብ ከነደደ አጥንት የሚረባ ነገር አይገኝም።

እሱን ሰምተሽ ግን «እንግዲያው የእሱ የሆነ ምንም አልቀረም» እንዳትዪ። ይህን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ ነው። የምንበላውና የምንጠጣው ውስጥ ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር በጥቂቱ አለ። ካልሲየምን ስለሚመስል ገላችን አጥንት ውስጥ ያስገባዋል። ዓይነቱ እንደ አፈሩና እንደ አለቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እሳት አያጠፋውም። እንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ የሚባለው የድንጋይ ቦታ ላይ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ተቃጥለው የተቀበሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች የ25ቱን የተቃጠለ አጥንት መርምረው 10ሩ በመጨረሻ ዘመናቸው የኖሩት እዚያ አካባቢ እንዳልነበረ አወቁ። ከምዕራብ፣ ምናልባትም ከዌልስ በኩል የመጡ ናቸው። ስም የላቸውም፣ ፊት የላቸውም፣ ዲኤንኤ የላቸውም። የጠጡት ውኃ ግን አጥንታቸው ውስጥ አለ። አውስትራሊያም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ሙንጎ ሐይቅ ዳር የተገኘች፣ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ የተቃጠለች ሴት አለች። አጥንቷ ተሰባብሮም ቢሆን ሴት መሆኗ ታውቋል።

ወንድምሽ ያደገበት ውኃ፣ ኋላም የኖረበት አገር ውኃ፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ። ሥጋዬ ነው አጥንቴ ነው እንላለን ስለ ዘመድ። አጥንትሽ ነው እህቴ።

ጋሼ፣ አሁን ስልሳ አልፎኛል። በወጣትነቴ የወለድኳት ልጅ በሁለተኛ ቀኗ ሞተችብኝ። ተቃጠለች። የሚቀበለን ሰውዬ «የሕፃን አጥንት ለጋ ነው፣ ምንም አይተርፍም» ብሎ ባዶ እጄን መለሰኝ። እውነት ምንም አይተርፍም?

የሁለት ቀን እናት

እሜቴ፣ ይተርፋል። ባዶ እጅዎን መመለስዎ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

የጨቅላ አጥንት ማዕድኑ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የጭን አጥንት ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእሳት ሲወጣ ትንሽ ያጥራል እንጂ የጭን አጥንት መሆኑ ይታወቃል። ስኮትላንድ ውስጥ እንደ እርስዎ «ምንም አልተረፈም» የተባሉ ወላጆች ጮኸው ምርመራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሪፖርት ከ17 ሳምንት ፅንስ ጀምሮ አጥንት ከእሳት እንደሚተርፍ ገለጸ።

ታዲያ ለምን እንዲያ ይባላል? ምድጃው የተሠራው ለአዋቂ ነው። አየር በኃይል ይነፋበታል። ያ ንፋስ የሕፃን አጥንት ላይ ሲወርድ ይበታትነዋል፣ ከፊሉን ከጭሱ ጋር ያወጣዋል። ሲጠረግም ማንም ካልፈለገው አይታይም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለብቻዋ ትሪ ላይ ማስቀመጥ፣ ነፊውን መቀነስ፣ ከጎን ሆኖ መጠበቅ። እኔ የማደርገው ጠዋት በመጀመሪያ ነበር፣ ምድጃው በጣም ሳይግል። መፍጫም አያስፈልገውም። በቡናማ ብሩሽ ቀስ ብዬ እጠርገውና በእፍኝ የሚያዝ ነገር ለእናቲቱ እሰጣለሁ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ያ ቤት መዝገብ አለው። ቀኑንና የልጅዎን ስም ይዘው ይጻፉላቸው። ቤተሰብ ያልወሰደው ነገር የት እንደተበተነ ወይም የት እንደተቀበረ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ብቻዎን አይሂዱ፣ ሰው ይያዙ።

የአባቴን አመድ አበባ ተክዬ ሥሩ አፈሰስኩት። በወሩ አበባው ደረቀ። እናቴ መጥፎ ምልክት ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?

የበኩር ልጅ

ወንድሜ፣ ምልክት አይደለም በላት። ጨው ነው። ከአጥንቱ ጋር ብዙ የሶዲየም ጨው ይተርፋል፤ ጨው ሥርን ያደርቃል። በዚያ ላይ ነገሩ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛው ነው) 11 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ ነው፣ ወደ ኖራ የቀረበ። በዚያ አፈር ውስጥ ሥር ምግቡን መሳብ አይችልም። ማንም ሰው ቢሆን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እንዲሁ ነው።

የደረቀውን ንቀልና አፈሩን ቆፍረህ አውጣ። አትጣለው፣ አባትህ አለበት። ሰፋ ባለ ቦታ ከብዙ አፈርና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር በደንብ አደባልቀው። ዝናብ ወይም ብዙ ውኃ ይውረድበት፤ ጨዉን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ከዚያ አዲሱን ተክል ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ ትከል። ሥሩ ራሱ በጊዜው ይደርስበታል።