«አሳሰበ» ወይስ «አሳሰበው»?

ጥያቄ፦ በዜና «የጸጥታው ምክር ቤት አሳሰበ» ሲባል እሰማለሁ። ተጨነቀ ማለት ነው ወይስ አስጠነቀቀ?

መልስ፦ የቆየ ቁስሌን ነኩብኝ። ሁለቱንም አይደለም።

አወቀ «አሳወቀ»፣ አደረ «አሳደረ» እንደሚል፣ አሰበም «አሳሰበ» ይላል። እንዲያስብ አደረገ ማለት ነው። ሥሩ የግእዙ ሐሰበ ነው፤ ቆጠረ፣ አሰላ። ሒሳብም ባሕረ ሐሳብም ከዚያው ናቸው። («ሃሳብ» ብለው በሃሌታው የሚጽፉ ያናድዱኛል፤ እሱን ሌላ ቀን።)

«ምክር ቤቱ አሳሰበ» ካልን ባለቤቱ ምክር ቤቱ ነው፤ ሌላው እንዲያስብበት እየነገረ ነው። ከ«አስጠነቀቀ» ይለሰልሳል። «አስጠነቀቀ» ካልሰማህ ወዮልህ የሚል ጭራ አለው። «ሁኔታው ምክር ቤቱን አሳሰበው» ካልን ግን ምክር ቤቱ ተሳቢ ሆኖ ቁጭ አለ። ባለቤቱ «ሁኔታው» ነው። ሁኔታውን ማን እንዳመጣው አልተነገረም። ዲፕሎማቶች የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ ወቀሳ አለ፣ ተወቃሽ የለም።

በውሳኔ ሰነዱ ላይ ደግሞ ለየግሱ ወንበር አለው። «አሳስቦት» የሚለው ብዙውን ጊዜ መግቢያው ላይ፣ ቁጥር በሌላቸው አንቀጾች ይሰፍራል። «ያሳስባል»፣ «ይጠይቃል»፣ «ይወስናል» ቁጥር ባላቸው ይመጣሉ። ጡንቻው ያለው «ይወስናል» ላይ ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 25 አባል አገራት የምክር ቤቱን ውሳኔ ሊፈጽሙ ተስማምተዋልና። አንዱን ግስ በሌላው ለማስለወጥ ሲከራከሩ ቢያመሹ አይግረምዎ።

«የቃላት ጨዋታ ነው፣ ያው ነው» የሚሉ አሉ። ያው አይደለም። ምክር ቤቱ ከዓረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ያወጣውን ውሳኔ ቁጥር 242 እንይ። የእስራኤል ጦር ለቆ እንዲወጣ ሲል የእንግሊዝኛው ቅጂ «ከተያዙ ግዛቶች» ይላል። የፈረንሳይኛው «ከተያዙት ግዛቶች» ተብሎ ይነበባል። በእኛ አንዲት «ት» ናት። ከሁሉም ነው ወይስ ከአንዳንዶቹ? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

እኔን የማይዋጥልኝ «ስጋቱን ገለጸ» ነው። የሚሰጋ ልብ ያለው ነው፤ ምክር ቤት ምን ልብ አለው? «አሳሰበው» ቢሉ ምን ይጎድላል? («ያስባልስ ወይ?» ካሉኝ መልስ የለኝም።) ግን ዜና አንባቢው ሁሉ ይለዋል፣ አድማጩም ለምዶታል። ባለፈው ሳምንት የራሴን የቆየ ጽሑፍ ሳገላብጥ «ጥልቅ ስጋቱን ገለጸ» ብዬ ጽፌ አገኘሁት። «ጥልቅ» የምትለዋን ሰረዝኳት፤ ሌላውን ተውኩት።