ጨርቁ ከትምህርቱ ጋር ወደ ቤት ይሂድ

የልብስ ስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርትን በከፊል በኢንተርኔት፣ በከፊል በወርክሾፕ ማስተማር ይቻል እንደሆነና የትኛው ክፍል ወዴት መሄድ እንዳለበት ለጠየቁት መምህር፣ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳስተምር ያየሁትን ላካፍልዎ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ እኛ ያደረግነው ጽሑፍ በቴሌግራም መላክ ብቻ ነበር። ሠልጣኞቹ የድርንና የማግን፣ ማለትም በጨርቁ ርዝመትና በወርዱ የሚሄዱትን ክሮች፣ ልዩነት በቃላቸው አጠኑት፤ ወርክሾፕ ተመልሰው ቀሚስ ሲቆርጡ ግን ፓተርኑን (የልብሱን መቁረጫ ንድፍ) በጨርቁ ላይ ከድሩ አቅጣጫ አጣመው አስቀመጡት። ጨርቅ ሳይዙ ስለ ጨርቅ እንዲማሩ ያደረግናቸው እኛ ስለሆንን ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም።

ስለዚህ ከቪዲዮውም ከመተግበሪያውም በፊት የናሙና ጨርቅ ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የአቡጀዲ፣ የጂንስ፣ የፖሊስተርና የሹራብ ጨርቅ ቁራጭ ይዞ ይሂድ። አቡጀዲውን በድሩ፣ በማጉና በ45 ዲግሪ ሰያፍ በየተራ ሲስበው፣ በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ለምን እንደሚለጠጥ እጁ ይረዳዋል። በስልኩ ካሜራ አጉልቶ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ክሮች መቁጠርም ይችላል። ከዚያ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ የቆረጠውን ቁራጭ ወደ ወርክሾፕ ያምጣ፤ ሚዛኑ 1.8 ግራም ካሳየ በ100 አባዝቶ ጨርቁ በካሬ ሜትር 180 ግራም እንደሚመዝን ያውቃል፣ አቆራረጡ ልክ ካልነበረም ስሌቱ እንደሚበላሽ ያያል።

የአሠራር ማሳያ ግን ያለ ጥርጥር ወደ ስልክ ይሂድ። 30 ሰው አንድ የስፌት መኪና ከቦ ሲቆም ኮሌታ እንዴት እንደሚገጠም የሚያዩት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚፈጅ፣ እጅና መርፌን ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ዳታ መግዛት ለሚከብዳቸው በሜሞሪ ካርድ ይስጧቸው። በዚህ የሚተርፈው የወርክሾፕ ሰዓት በሙሉ ለስፌት ይዋል፤ የፋብሪካ መኪናን ፍጥነት በእግር መቆጣጠር የሚለመደው መኪናው ላይ ተቀምጦ ነውና።

ቤት የተሰፋ ሥራ በፎቶ ሲላክልዎ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው ከፊትም ከጀርባም እንዲያነሱት ያድርጉ፤ የላይኛው ክር ሲላላ ጉድለቱ የሚታየው በጀርባው በኩል ነው። ሠልጣኙ የላከውን ቤተሰብ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ሠርቶለት ሊሆን ስለሚችል ግን፣ ፎቶውን ለማረሚያ እንጂ ለማለፊያ ውጤት አይጠቀሙበት።