ትንሿ ሽጉጥ ሌባ ጣታችሁን ለምታሳምማችሁ

ሰላም ወገኖች፣ ውጪ ያለነው ብዙዎቻችን ሽጉጥ ይዘን ኢላማ መተኮስ የጀመርነው ካደግን በኋላ ነው፣ አስተማሪያችንም አብዛኛውን ጊዜ ዩቲዩብ ነው፣ ለዛ መሰለኝ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ምትጠይቁኝ፣ ኮምፓክቷን (አነስ ያለችውን) ሽጉጥ ገዛሁ፣ ገና 50 ጥይት ሳልጨርስ ሌባ ጣቴ ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ምን ይሻለኛል? ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ ሚሰጣችሁ መልስ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፣ "ይለመዳል"። እኔም ተብያለሁ። ሁለት አመት ሙሉ ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ተኮስኩ፣ አልለመደም። አባቶቻችን ለመተኮስ በሌባ ጣት ሚሳበውን ነገር ምላጭ ብለው ሲጠሩት ለካ የሚያውቁት ነገር ነበር እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ልነግራችሁ የፈለኩት ሽጉጡን ከመሸጣችሁ ወይ ውድ ምላጭ ከማዘዛችሁ በፊት ጣታችሁ የቱ ጋ እንደሆነ ሚያማችሁ በደንብ እዩት ነው። "ጣቴን ያመኛል" ብቻ አይበቃም፣ ጫፉ ነው፣ መሃሉ ነው፣ ከስሩ ነው፣ አንጓው ነው? ቦታው ነው ምክንያቱን ሚናገረው። እቤት ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን (የሽጉጡን ተንሸራታች የላይ ክፍል) ስባችሁ የጥይት ቤቱን በአይናችሁም በጣታችሁም ፈትሹ፣ ጥይት የተባለ ነገር እዛ ክፍል ውስጥ እንዳይኖር፣ ከዛ ደግማችሁ ፈትሹ (ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ስንት ጉድ ሆኗል)። አሁን ምላጩ ፊት ላይ ጠመኔ ቀቡና አፈሙዙን ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ግድግዳ አዙራችሁ አስር ጊዜ ያህል ሳቡት፣ በየመሃሉ ስላይዱን እየሳባችሁ ማለት ነው። ሽጉጡ ፖይንት 22 የምትባለዋን ትንሽ ጥይት ሚተኩስ ከሆነ ግን ባዶውን ባትተኩሱት ይሻላል፣ አንዳንዱ ጥይቱን ሚመታው መርፌ ይጎዳል። ከዛ ጣታችሁን ወደ መብራት አስጠጉና ነጩ ነገር የት እንዳረፈ እዩ።

ነጩ የጣታችሁ ልስልስ መሃል ላይ ሆኖ ህመሙም እዛው ከሆነ እጃችሁ ምንም አላጠፋም፣ ምላጩ ነው። ግሎክ ሚባሉት ሽጉጦችና መሰሎቻቸው ምላጩ መሃል ላይ ቀጭን ምላስ አለቻቸው፣ ሴፍቲዋ (ሳይፈለግ እንዳይተኮስ መከላከያዋ) እሷ ናት፣ ስትስቡ ገብታ ከምላጩ ፊት ጋር እኩል መሆን አለባት። ባዶ መሆኑን ያረጋገጣችሁትን ሽጉጥ ምላጩን እስከመጨረሻ ስባችሁ ያዙና በሌላኛው እጃችሁ ጥፍር ከላይ ወደታች ዳሰስ አድርጉት፣ ጥፍራችሁ ከተደናቀፈ ምላሷ ሙሉ በሙሉ አልገባችም ማለት ነው፣ በየተኩሱ ጣታችሁን ምትቆርጠው እሷ ናት። ሌላው ደግሞ ሰረሰር ነው፣ የቆዩ ግሎክ 19ኞችን ያያችሁ ምላጫቸው ቁልቁል የተሰረሰረ ነው፣ ትልቁ ግሎክ 17 ግን ለስላሳ ነው፣ ለምን ብዬ ስጠይቅ የሰማሁት መልስ አስቆኛል፣ አሜሪካ በ1968 ባወጣችው ህግ ምክንያት ከውጪ ሚገባ ሽጉጥ ነጥብ መሙላት አለበት፣ ትንሽ ሽጉጥ ደግሞ በቁመቱ ነጥብ ስለሚያንሰው የኢላማ ተኩስ ምላጭ ተገጠመለትና በዛ ነጥቡን ሞላ። እና ጣታችሁ ሚላጠው ለጉምሩክ ብላችሁ ነው! ብዙ ሰው የ17ቱን ለስላሳ ምላጭ ያስገባበታል፣ ባለሙያ ገንስሚዝ (መሳሪያ ጠጋኝ) ይስራላችሁ። ጠርዙን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም ይቻላል፣ ግን ምላሷን በፍጹም እንዳትነኳት፣ ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ ከሚከላከሉት አንዷ ናት። ምላሷ አልገባ ካለች ደግሞ ሞረድ አታንሱ፣ የፋብሪካ ጉድለት ሊሆን ስለሚችል ለሰሪው ጻፉለት።

ነጩ ጫፉ ላይ ወይ ከጣታችሁ ስር ሆኖ ቆዳው እንደ ተቆነጠጠ ከቀላ ግን ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ምላጭ ከላይ በፒን ተይዞ ነው ሚወዛወዘው፣ ስለዚ ታችኛው ጫፉ ጋ ሲስቡት ይቀላል፣ ጣት ደግሞ ሰነፍ ነው ሳያስታውቅ ወደሚቀለው ይንሸራተታል፣ እታች ሲደርስ በምላጩ ጫፍና ዙሪያውን በከበበው ቀለበት መሃል ገብቶ ይቆነጠጣል። ኮምፓክት ላይ ይሄ ሚብሰው እጀታው አጭር ስለሆነ ነው፣ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣና አየር ላይ ትንጠለጠላለች፣ ሽጉጡ በየተኩሱ መዳፋችሁ ውስጥ ይዞራል፣ እናንተ ደግሞ እንዳያመልጣችሁ በሌባ ጣት ጭምር ታንቁታላችሁ። ለዚ መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ከካዝናው ስር ሚገጠም ማራዘሚያ ለትንሿ ጣት ማረፊያ ይሆናል፣ እሱ ካልተገኘ እጃችሁን እጀታው ላይ እስከሚችለው ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስላይዱ መንገድ ላይ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ፣ የአውራ ጣታችሁን ስር ይቆርጣችኋል። ሌባ ጣታችሁ ሌላ ስራ የለውም፣ መያዝ የቀሪዎቹ ጣቶችና የደጋፊው እጅ ነው።

ጠመኔው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ካረፈ እጃችሁ ለሽጉጡ ትልቅ ነው፣ ጣት በዝቶ ገብቷል ማለት ነው። እጀታው ተቀያያሪ ጀርባ ያለው ሽጉጥ ከሆነ ትልቁን ግጠሙበት፣ ምላጩ ትንሽ ይርቅላችኋል። እጃቸው ትንሽ የሆኑት፣ በተለይ እህቶቻችን፣ ተቃራኒው ነው ሚገጥማቸው፣ በጫፍ ብቻ ነው ሚደርሱት፣ እነሱ ትንሹን ጀርባ ይሞክሩ። የመሃል ጣታችሁ አንጓ ከላይ ከታመመና ከደደረ ደግሞ ምላጩ የለበትም፣ የቀለበቱ ታችኛው ጥግ እየመታችሁ ነው፣ ግሎክ ነክል ይሉታል፣ ጥብቅ አያያዝና ስስ ፕላስተር ይበቃዋል።

ክብደቱንም አስቡት። ግሎክ 19 ባዶውን 600 ግራም ገደማ ነው፣ ምላጩን ለመሳብ ግን 2.5 ኪሎ አካባቢ ጉልበት ይጠይቃል፣ እነዛ የኪስ ሪቮልቨሮች (ጥይታቸው ሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሚገባ) ደግሞ፣ ለምሳሌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 442፣ ክብደቷ 420 ግራም ገደማ ሆና 5 ኪሎ ገደማ ሳቡኝ ትላለች። አንድ ጣት ከሽጉጡ ክብደት አስር እጥፍ በላይ እየሳበ 200 ጊዜ ሲደጋግም ባያመው ነበር ሚገርመው። ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም እንጂ ሙሉ ቀን ለመተኮስ አልተሰራም፣ 50 ተኩሳችሁ አቁሙ፣ ቀሪውን በትልቅ ሽጉጥ ተለማመዱ። እያመማችሁ ስትቀጥሉ ጣት ህመሙን ቀድሞ መጠበቅ ይጀምራል፣ ምላጩን ይነጥቃል፣ ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ጥይቱ ወደ ታች ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዛ ማነጣጠሪያው ነው ብላችሁ ማነጣጠሪያ ስታስተካክሉ ትውላላችሁ። ቆዳችሁ ከተላጠም ከሬንጅ እንደወጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ከጥይቱ ሚወጣ እርሳስ ሚባለው ብረት ብናኝ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ጣታችሁ ጠዋት ሲነሱ ደርቆ ሚቀር፣ ስትዘረጉት ቀጭ ብሎ ሚፈታ ከሆነና መዳፋችሁ ላይ ከጣቱ ስር ሲነካ ሚያም እብጠት ካለ ምላጩን ተዉት ሀኪም እዩ። ትሪገር ፊንገር ሚባል የጅማት በሽታ ነው፣ ስሙ ከሽጉጥ ጋር ቢገናኝም ሽጉጥ ነክተው ማያውቁ ሰዎችን ነው ብዙ ጊዜ ሚይዘው፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። በማሳረፊያ፣ በመርፌ፣ ካልሆነም በትንሽ ኦፕራሲዮን ይድናል። ጣት ደንዝዞ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየም ዝም አትበሉ።

የኔ ምላሷ ነበረች። ጥፍሬ ሲደናቀፍ ነው ያወኩት፣ ሁለት አመት ሙሉ በፕላስተር ስጠቀልል የነበረው ማለት ነው፣ ለሰሪው ጻፍኩ ሌላ ምላጭ ላኩልኝ፣ በዛው ሳምንት 100 ተኩሼ ጣቴ ላይ ቀይ እንኳን አልነበረም። አሮጌውን አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ "ይለመዳል" ሚለኝ ሰው ሲመጣ አውጥቼ ጥፍሩን አስኪድበት እለዋለሁ።