ላባ ቅጠሉን ፒዮኒ ባሕር ዳር ላይ ከመትከልሽ በፊት

ጥያቄሽን አየሁት። ጀርመን ያለችው እህትሽ ያን ቅጠሉ እንደ ላባ የቀጠነ፣ ፒዮኒ የሚባለውን ቀይ አበባ ሥሩን ልትልክልሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ ግቢሽ ውስጥ ልትተክይው አስበሻል። «ባሕር ዳር ይበቅላል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ሦስት ሥር አስመጥቼ ሁለቱን ገድያለሁ፣ ስለዚህ የሚገድለውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። መብቀሉን ይበቅላል። ጣጣው ማበቡ ላይ ነው። ሰኔ ላይ መሬት ውስጥ ከከተትሽው ግን ነገሩ እዚያው አለቀ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ፈረንጆቹ «ክረምት ይፈልጋል» ብለው የጻፉትን እኛ አንብበን ሰኔን እንጠብቃለን። የነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የኛ ክረምት ዝናብ ነው። ይሄ ተክል የነሱን ይፈልጋል፣ የኛ ይገድለዋል። አገሩ የዩክሬንና የደቡብ ሩሲያ ደረቅ የሣር ሜዳ፣ እንዲሁም የካውካሰስ አካባቢ ነው። ብርዱ እንደለቀቀ ቶሎ ብሎ ያብባል፤ ሙቀቱ ሲጠነክር ቅጠሉ ይደርቅና ሥሩ መሬት ውስጥ ይተኛል። ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚያነቃው ደግሞ ብርድ ነው። ፒዮኒዎች በጥቅሉ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት የሚሆን፣ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ 8 ወይም 9 ዲግሪ ቢወርድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 26 ይሆንና ጃኬቱን በእጅ ይዞ መዞር ነው። ለኛ ብርድ ነው፣ ለፒዮኒ ግን ምኑም አይደለም።

የመጀመሪያዋ ሥር የደረሰችኝ ጥር ላይ ነበር። ብርዷን በመጣችበት አገር ጠግባ ስለመጣች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ቀላ ያለ ቡቃያ አወጣች። ቅጠሏ ሲዘረጋ ቁርጥ እንስላል! ጎረቤቴ እማማ አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል አይተው፣ «አንተ፣ እንዲህ ያማረ እንስላል አብቅለህ ለጎረቤት አይባልም?» አሉኝ። ቀነጠሱና አሸተቱት። ምንም አይሸትም። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ጣሉት። እንዳይቀምሱት ለመንኳቸው፣ ፒዮኒ ሆድ ሊያውክ ይችላል። (አንቺም ልጆች ካሉሽ ልብ በይ።)

መጋቢት ላይ አንድ እንቡጥ አበጀች። ጉንዳን ወረራት። ደንግጬ መድኃኒት ልረጭ ስል ነው ጉንዳኖቹ እንቡጡ ላይ ያለውን ጣፋጭ ነገር ፈልገው እንደሚመጡና ጉዳት እንደሌላቸው ያወቅሁት። ከዚያ ፈነዳች። ደም የመሰለ ቀይ፣ መሃሏ ቢጫ፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል። አምስት ቀን ቆየች። እኔም በየቡና ቤቱ ጉራዬን ነዛሁ።

ግንቦት ላይ ቅጠሏ ሲደርቅ ጠማት ብዬ ውኃ ጨመርኩ፤ ለካ እንቅልፏ ነው። ሐምሌ ገባ፣ ግቢዬ ደግሞ ዋልካ ነው፣ የኛን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ታውቂዋለሽ። መስከረም ላይ ቆፍሬ ሳያት ሥሯ እንደ ተቀቀለ ድንች ጣቴ ላይ ሟሸሸ።

ሁለተኛዋን አሸዋ ደባልቄ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተከልኳት። ዝናቡን አለፈችው። ግን በሁለተኛው ዓመት ሁለት ቀጫጭን አገዳ፣ በሦስተኛው አንድ፣ ከዚያ ጠፋች። አበባ የሚባል የለም። ብርድ አጥታ መንምና ሞተች ማለት ነው።

ሦስተኛዋ አለች። ይቺን ታቹ በተበሳ ባልዲ ነው የያዝኳት፤ ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ ሻካራ አሸዋ፣ ትንሽ የበሰለ ኮምፖስት። ትኩስ ፍግ አታስጠጊያት። ዓይኖቿ (ሥሩ አናት ላይ ያሉት እምቡጥ ቡቃያዎች) ከአፈሩ በታች የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ይግቡ፤ ጠልቀው ከተቀበሩ ቅጠል እንጂ አበባ አታይም። የጠዋት ፀሐይ ታግኝ፣ ከሰዓቱ ግን ጥላ ይሁን። ቅጠሉ ሲደርቅ ውኃ አቁሚና ክረምቱን በሙሉ ዝናብ የማያገኛት ቆርቆሮ ሥር አስቀምጫት። ሥሯን መነካካት አትወድም፣ ስለዚህ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጫት።

አሁን የሚያስቀው ክፍል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ባልዲዋ ፍሪጅ ውስጥ ናት። ፍሪዘር አይደለም፣ ታችኛው ክፍል፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። አንድ መደርደሪያ አውጥቼ ነው ያስገባኋት። አፈሩ ትንሽ እርጥበት ይኑረው እንጂ አይጨቅይ። ሙዝና አቮካዶ አጠገቧ አታድርጊ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ቡቃያውን ይጎዳል። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ፣ ብርዱ የተወሰነ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ዓይነት አምና አንድ፣ ዘንድሮ ሁለት አበባ አየሁ። በቃ። ለሁለት አበባ ይሄ ሁሉ ልፋት አያስፈልገኝም ካልሽ አልፈርድብሽም፣ ባለቤቴም የምትለው እሱኑ ነው።

ለእህትሽ ግን አንድ ነገር ንገሪያት። ሥሩ እዚያ በብዛት የሚሸጠው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ወዲያው ከምትልከው ባልዲ ላይ ተክላ ደጅ ታሳድረውና ብርዱን እዚያው ጠጥቶ ጥር ላይ ይምጣ። የመጀመሪያውን ዓመት ፍሪጅ ተገላገልሽ። አፈሩ ታጥቦ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ይምጣ እንጂ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ አይሁን። ዘር ልላክ ካለችሽ እምቢ በይ፤ እስኪያብብ አራት አምስት ዓመት ትጠብቂያለሽ።

ዓይንሽን የሳበው ቅጠሉ ከሆነ ደግሞ ኮስሞስ ዝሪ። የአደይ አበባ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉ ያው ላባ ነው፣ ቀይ የሚያብብም አለው። እኔ ሰኔ መጨረሻ በትኜው መስከረም ላይ አጥሩ በሙሉ ያብባል፣ ብርድም ፍሪጅም አይጠይቅም። እማማ እንኳ ከዚህኛው ችግኝ ወስደዋል።

ፒዮኒው ይቅርብኝ አልልም ካልሽ፣ ሥሩ ሲደርስሽ ዓይኖቹን ቁጠሪ። ሦስትና ከዚያ በላይ ካሉት ጥሩ ነው። ከዚያ ፍሪጁን ከእናትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪበት፤ እኛ ቤት የቅቤው ዕቃ ለባልዲዋ ቦታ ለቆ ሦስት ወር ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው የከረመው።