ለሱቄ ጠባብ ባኞ ቤት ምን ቀለም ልቀባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ ነው ማነበው። የሴቶች ልብስ ሱቅ አለኝ፣ ከጀርባው ደግሞ አንዲት በጣም ጠባብ ባኞ ቤት አለች፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ20 ርዝመቷ 1 ሜትር ከ60 ብትሆን ነው። መስኮት የላትም። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቡኒ ሴራሚክ ነው፣ ከዛ በላይ ነጭ ቀለም ነበር አሁን ግን ጥግ ጥጉ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር አውጥቷል። ደንበኞቼ ልብስ ሲለኩ ቆይተው ባኞ ቤት አለሽ ወይ ሲሉኝ እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ፣ ውሃ የለም ብዬ የመለስኳቸውም አሉ። አሁን ላሳምራት ፈልጌያለሁ ግን ቤቱ የኪራይ ነው፣ ብዙ ወጪም ማውጣት አልችልም። ምን ቀለም ልቀባ? መስታወት ትልቅ ነው ትንሽ ሚሻለው? አበባስ ባስቀምጥበት ምን ይመስልሻል?
ባለ ልብስ ሱቋ

መልስ፦ እህቴ ውሃ የለም ብለሽ የመለስሻቸው ነገር በጣም ገብቶኛል፣ ብዙ ባለሱቅ እንደዛ እያለ ነው ሚኖረው። ግን አስቢው፣ ደንበኛሽ ልብስ መለኪያው ውስጥ ስትገባ እራሷን ነው ምታየው፣ ባኞ ቤት ስትገባ ግን አንቺን ነው ምታየው። ስለዚህ ጥያቄሽ ትንሽ ጥያቄ እንዳይመስልሽ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ቀለሙን እነግርሻለሁ ግን ወደ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር አርጊልኝ፣ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትሽ ምንም ሳትረጪ ምንም ሳታጥቢ ግቢና በሩን ዘግተሽ የመቀመጫው ክዳን ላይ 5 ደቂቃ ቁጭ በይ። ስልክሽን ውጪ ተይው። ምን ሸተተሽ? አይንሽ የት ላይ አረፈ? በር ላይ ቆመሽ ምታዪው ሌላ ነው ተቀምጠሽ ምታዪው ሌላ ነው፣ ደንበኛሽ ደግሞ ተቀምጣ ነው ምታየው። የሲንኩ ስር ያለችው የዛገች ቱቦ፣ የበሩ ጀርባ ላይ የጫማ ቀለም ይሁን ቆሻሻ ማይለይ ጥቁር መስመር፣ ጥግ ላይ የተረሳ መጥረጊያ፣ ያኔ ነው ሚታይሽ። ጻፊው። ያ ወረቀት ነው የስራ ዝርዝርሽ።

ሽታ ካለ ሽቶ ከመግዛትሽ በፊት ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ መውረጃ እዪው። ከስሩ ሲፎን አለ፣ ማለትም የታጠፈ ቦታ ሆኖ ሁሌ ትንሽ ውሃ ይዞ ሚቀመጥ፣ ያ ውሃ ነው ከፍሳሽ መስመሩ ሚመጣውን ሽታ ዘግቶ ሚይዘው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወለሉ በየቀኑ በውሃ ስለማይታጠብ ውሃው ቀስ በቀስ ተኖ ያልቃል፣ ሲያልቅ ሽታው መንገድ አገኘ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ሙሉ መቀመጫውን አስነቅሎ አስቀይሮ ሽታው አልጠፋ ብሎት ሚቸገረው በዚህ ነው። በሳምንት አንዴ 1 ወይም 2 ሊትር ውሃ ድፊበት። ሱቁን ለብዙ ቀን ምትዘጊው ከሆነ ደግሞ ከውሃው በላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አርጊበት፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያረገዋል። ይሄንን አድርገሽ በ2 ቀን ውስጥ ሽታው ካልቀነሰ ነው ቧንቧ ሰራተኛ ምትጠሪው።

ጥቁር ጥቁር ያልሽው ሻጋታ ነው፣ በላዩ ላይ ቀለም እንዳትቀቢ እባክሽ። ለጥቂት ሳምንት ተሸፍኖ ይቆይና ተመልሶ ይወጣል፣ አዲሱን ቀለም ይዞ ይላጣል። ርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ እወቂ። ለዚህ ቀላል መንገድ አለ፣ ንጹህ ፌስታል ቀደሽ አንድ ክንድ ታክል አድርገሽ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎኑን በፕላስተር ጥብቅ አርገሽ ለጥፊውና 1 ወይም 2 ቀን ተይው። ጠል የመሰለው ውሃ ከውጪ በኩል ማለትም ወደ አንቺ ባለው ገጽ ላይ ከታየ ርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፣ አየር ማስወጣት ነው መፍትሄው። ከፌስታሉ ጀርባ ከግድግዳው በኩል ካረጠበ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ እየጠጣ ነው፣ ቱቦ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል ወይ ከጎረቤት ሚመጣ፣ ያ ሳይጠገን ምንም ብታስውቢ ገንዘብሽ ነው ሚባክነው። አከራይሽንም ማናገር ያለብሽ እዛ ጋር ነው፣ ፌስታሉን ፎቶ አንሺውና አሳዪው፣ በወሬ ብቻ ከምትነግሪው ይሻላል።

ሻጋታውን ለማጥፋት በረኪና በውሃ አቅጥነሽ ጓንት አድርገሽ በሩን ከፍተሽ እጠቢው፣ ከዛ በደንብ ይድረቅ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በጭራሽ እንዳታገናኚ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ መስኮት በሌለው 1 ሜትር ከ20 ክፍል ውስጥ ይሄ ሳንባ ሚጎዳ ነገር ነው። አንዱን ዛሬ ከተጠቀምሽ በደንብ አለቅልቀሽ ሌላውን ሌላ ቀን።

አየሩን በተመለከተ፣ ኮርኒሱ 2 ሜትር ተኩል ላይ ነው ብንል የክፍልሽ አየር በሙሉ 4.8 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 80 ሜትር ኩብ ሚያስወጣ ትንሽ ፋን እንኳን ይሄን አየር 4 ደቂቃ ሳይሞላ ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ትልቅ ፋን አያስፈልግሽም። ሰው ሚረሳው ግን አየሩ እንዲወጣ ሌላ አየር መግባት አለበት፣ የበሩ ስር ወለሉ ድረስ ከተዘጋ ፋኑ ይጮሃል እንጂ ምንም አያወጣም። ከበሩ ስር 2 ሳንቲ ክፍተት ይኑር። ፋኑም ከመብራቱ ጋር አብሮ ቢበራ ጥሩ ነው፣ ሰው ወጥቶ መብራት ካጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሚቆይ አይነት ካገኘሽ ደግሞ እሱን ያዢ።

አሁን ወደ መብራት። ኮርኒስ ላይ ብቻ ያለች አምፖል ከላይ ወደታች ስለምታበራ አይን ስር ጥላ ትጥላለች፣ ቆንጆዋን ሴት የታመመች ታስመስላለች። ደንበኛሽ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ እዛ መስታወት ውስጥ እራሷን አይታ ብትጠላው ቀሚሱ አይደለም ጥፋተኛው፣ አምፖሏ ናት! ስለዚህ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ፊት ከፍታ ላይ ሁለት መብራት ብታስደርጊ ጥላው ይጠፋል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ ኬልቪን ሚል ቁጥር አለ፣ 3000 አካባቢ ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፣ 6500 ሚለው ሰማያዊ ሚመታው ነው፣ እሱን ለዚህ ቦታ አልመክርሽም። ከሲንኩ አጠገብ ሚሰቀለው ደግሞ ውሃ ቢረጭበት ሚችል፣ ካርቶኑ ላይ አይፒ 44 ሚል ይሁን፣ ስራውንም ኤሌክትሪሺያን ይስራው።

እንግዲህ ቀለም። ሁሉም ሰው ጠባብ ክፍል ነጭ ቀቡ ይላል፣ ግን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነጭ ቀለም ሚመልሰው ብርሃን ስለማያገኝ አመድ ነው ሚመስለው። አንቺ ደግሞ ቡኒ ሴራሚክ አለሽ፣ ከሱ ጋር ጥርት ያለ ነጭ ሲቀመጥ ሴራሚኩ ይበልጥ ያረጀ ይመስላል። እኔ ብሆን ክሬም ወይም ትንሽ ወደ ሸክላ ሚያደላ ፈዘዝ ያለ ቀለም ነው ምመርጠው፣ ቡኒው እዳ መሆኑ ቀርቶ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። ኮርኒሱንም በዛው ቀለም ቀቢው፣ ግድግዳው የት እንዳለቀ አይን ስለማይለይ ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል። ከመግዛትሽ በፊት ትንሽ ናሙና ካርቶን ላይ ቀብተሽ እዛው ክፍል ውስጥ በዛው አምፖል እዪው፣ ቀለም ቤት ውስጥ ያየሽው ቀለም እና እዛ ያለው አንድ አይደሉም። ሚታጠብ፣ ትንሽ አንጸባራቂ አይነት ይሁን፣ ድብዝዝ ያለው ውሃ ሲረጭበት እድፉን አይለቅም።

መስታወት ትልቅ ነው ሚሻለው፣ ከሲንኩ በላይ የግድግዳውን ሙሉ ወርድ ቢይዝ እንኳን አይበዛም፣ ክፍሉን በእጥፍ ያሰፋልሻል። ግን አለጣጠፉ ላይ ተጠንቀቂ። የእህቴ ሱቅ ውስጥ ቆንጆ መስታወት በሲልከን ማጣበቂያ ተለጥፎ ወራት ሳይቆይ ከጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ ሁላችንም ርጥበት ነው አልን፣ በኋላ ሲታይ ግን የሲልከኑ አይነት ነበር። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ ሚሸተው ሲልከን አሲድ ስለሚለቅ የመስታወቱን ጀርባ ይበላዋል። ለመስታወት ኒውትራል ሚባለውን አስገዢ፣ አሽትተሽ አረጋግጪ።

ወለሉ አካባቢ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ስቀዪው፣ ሶፍቱን፣ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር መስቀል ከተቻለ፣ ወለል በታየ ቁጥር ክፍል ይሰፋል። የበሩ ጀርባ ላይ ጠንካራ ማንጠልጠያ አርጊ፣ ደንበኛሽ ቦርሳዋን መሬት ላይ ማስቀመጥ የለባትም፣ ይሄ ትንሽ ነገር በጣም ይታወሳል። እዛው በር ላይ አንድ ስዕል ብቻ፣ ስትቀመጥ አይኗ ሚያርፍበት ከፍታ ላይ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ግድ የለም።

አበባ? ብርሃን በሌለበት አረንጓዴ ተክል ቀስ በቀስ ይሞታል፣ ምንም ብታጠጪው። ግን ሁለት ትናንሽ ማሰሮ ይኑርሽና አንዱ ሱቁ መስኮት ጋር ሲውል አንዱ ባኞ ቤት ይሁን፣ በየሳምንቱ አቀያይሪያቸው። ፕላስቲክ አበባን በተመለከተ፣ አቧራውን በየሳምንቱ ማታጥቢው ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሱቄን ሽንት ቤት ወለል ላሰራ ነው፣ እኔ ትልቅ 60 በ60 ሴራሚክ ይሁን መገጣጠሚያው ይቀንሳል ብያለሁ፣ ሰራተኛው ግን ለዚህ ቦታ ትናንሹ ነው ሚሻለው ብሎ ሙጭጭ አለ። ማን ነው ትክክል?
የጽህፈት መሳሪያ ነጋዴ

መልስ፦ ጋሼ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ እርስዎ ለግድግዳው እሱ ለወለሉ። ወለሉ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለበት። መውረጃው መሀል ላይ ከሆነ ከአራቱም ጎን ነው ሚያዘቀዝቀው፣ ትልቁ ሴራሚክ ደግሞ አይታጠፍም፣ ወይ በሰያፍ ይቆረጣል ወይ አንዱ ጥግ ላይ ውሃ ይቆማል። ትናንሹ ግን መገጣጠሚያው ላይ እየታጠፈ ዝቅታውን ይከተላል፣ በዛ ላይ መገጣጠሚያው ሲበዛ እግር አያንሸራትትም። ግድግዳው ላይ ትልቁን ይጠቀሙ፣ መገጣጠሚያውም 2 ሚሊ ቢሆን ይበቃል። የወለሉ መገጣጠሚያ መሙያ ኢፖክሲ ሚባለው፣ ውሃ ማይጠጣው አይነት፣ ቢሆን እመርጥልዎታለሁ፣ ተራው የሲሚንቶ መሙያ ሽንትና ቆሻሻ ውሃ ይጠጣል፣ ከጊዜ በኋላ ሚሸተውም እሱ ነው።

ወለሉ ሳይደርቅ ውሃ አይድፉበት፣ ማጣበቂያው ሳይጠነክር ውሃ ከነካው ይነቀላል። ክፍያውን ከማጠናቀቅዎ በፊት ግን፣ ከደረቀ በኋላ፣ እሱ ባለበት አንድ ባልዲ ውሃ አራቱም ጥግ ላይ ይድፉና ይጠብቁ። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ ያኔውኑ ይታያል። እና ጋሼ፣ በሩ ወደ ውስጥ ሚከፈት ከሆነ እግረ መንገድዎን ወደ ውጪ ያስቀይሩት፣ ሰው ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ወደ ውስጥ ሚከፈተውን በር መክፈት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ ነኝ። አሰሪዬ ባኞ ቤቱን አሳምሪው ብላኛለች ግን ግማሹ የእቃ ካርቶን ነው፣ መጋረጃ ልጋርድበት?
ሻጯ

መልስ፦ አይ እህቴ፣ መጋረጃ ርጥበት ይይዛል አቧራ ይይዛል፣ ከጀርባው ያለው ካርቶንም እንዲሁ፣ ካርቶን ሽታና እርጥበት እንደ ስፖንጅ ነው ሚስበው፣ ውስጡ ያለውን እቃም ያበላሻል። ለአሰሪሽ አንዱን ካርቶን ከፍተሽ ከስር በኩል ያለውን እቃ አሽትቺያት፣ ሌላ ክርክር አያስፈልግሽም። የግድ እዛ ሚቀመጥ ካለ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ይሁን፣ ከመቀመጫው በላይ ከፍ ብሎ በተሰራ መደርደሪያ ላይ፣ ሶፍትና ሳሙና ብቻ። ካርቶኖቹ ወጥተው ባዶ ወለል ከታየ በኋላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የቀረውን ከዛ አብረን እናየዋለን።